የእኛ ፉድ ትራክ አይሱዙ ነው

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን ሲደውሉ ወሬያቸው ሁሉ ምሳ ሆኗል። የመኪና ጎን ቀደው ኩሽና ያደረጉ ልጆች አሉ፣ በርገሩ እንዲህ ነው፣ እርጥቡ እንዲያ ነው... ስሙ "ፉድ ትራክ" ይባላል። "እናንተስ ጋ አለ?" ይሉናል። እንዴታ! ልዩነቱ የእናንተው ምግብ ይዞ ይመጣል፣ የእኛው ምግብ ይዞ ይሄዳል። አይሱዙ ይባላል። ጤፋችንን ጭኖ በደጀን አድርጎ ዓባይን ይሻገርና ወደ እናንተው ይመጣል። እኛ ደግሞ ጭኖ እስኪነሣ ድረስ ጥላው ሥር ቆመን ቅቅል ድንች እንበላለን።

ለምን አይሱዙ ሥር? ምክንያት አለን። ብቸናም ሆነ ሞጣ "ሴት ልጅ መንገድ ላይ አትበላም" የሚለው ሕግ ሳይጻፍ ይሠራል። ወንዶቹ በቆሎ እየጋጡ መናኸሪያውን ቢዞሩት ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እኛ አንድ ሳምቡሳ አፋችን ስናደርስ ግን ከመንገዱ ማዶ አንዲት የእናታችን ወዳጅ አትጠፋም። ቤት ከመድረሳችን በፊት ወሬው ይደርሳል! ስለዚህ ፊታችንን ወደ ጎማው አዙረን እንጎርሳለን። ዲግሪ ይዞ ከጎማ ጋር ምሳ መብላት... እስቲ ምን ትላላችሁ?

ምሳው ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ይጣፍጣል። ሁለቱም ከተሞች ያሉት በጮቄ ተራራ ዙሪያ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጮቄ ደጋ ድንችና ገብስ ይወርድልናል፤ ታች ያለው መረሬ አፈር ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ያበቅላል። የመንገድ ዳሩን ሜኑ የሚያወጣው እንግዲህ ወሩ ነው። በመስከረም የበቆሎ ጥብስ፣ በጥቅምት የባቄላ እሸት፣ ከታኅሣሥ ወዲያ የሽምብራ እሸት ከነቅጠሉ በእቅፍ። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ፓስቲና የምስር ሳምቡሳ ወር አይጠብቁም። ረቡዕና ዓርብም ሐሳብ የለብንም፤ መንገድ ዳር ያለው ሁሉ የጾም ነው።

የድንቹ ነገር ለብቻው ይነገር። ሻጯ እናት ሳፋቸውን በፌስታልና በጨርቅ ደራርበው ይሸፍኑታል፤ ሲገልጡት እንፋሎቱ ፊት ይመታል። ልጣጩ በአውራ ጣት ሲገፋ ሸርተት ይላል። ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ዳጣ፣ ከዚያ እፍ እፍ... ከዚያ ዝምታ። መጨረሻ ላይ "እትዬ፣ ይመርቁልን እንጂ!" እንላለን። "ተመርቃችሁ የለ እንዴ ልጆቼ?" ይሉና አንድ ትንሽ ድንች ይጨምሩልናል። ከሁለቱ ምርቃቶቻችን እስካሁን ሆድ የሞላው ይኸኛው ነው።

በዚህ አገር ከደጅ የተገኘ ምሳ አዲስ ነገር አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ያስተዋወቋት ዲማ ጊዮርጊስ የብቸና ጎረቤት ናት። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ቁራሽ ለምኖ ነው የተማረው። ስሙ ራሱ የቆሎ ተማሪ ነው። ትምህርትና የመንገድ ምሳ የተዋወቁት ከእኛ በፊት ነው ማለት ነው። ልዩነቱ እሱ እየተማረ ነበር፣ እኛ ግን ጨርሰናል!

አሁን ወደ መራራው። ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ ዋጋ ንረት ብዙ ገጽ ጽፈናል፤ የገባን ግን ከሳፋው ሥር ነው። እትዬ ዋጋ አይጨምሩም፣ ቁጥር ይቀንሳሉ። አራት የነበረው ድንች ሦስት ሆነ። በ2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የጤፍ ኩንታል 10 ሺህ ብር ገባ ሲባል እዚህ ጤፍ አብቃዩ አገር ላይ ምግብ ቤት ገብቶ እንጀራ ማዘዝ ለእኛ የደመወዝ ሰሞን ጉዳይ ሆነ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ፓስቲው አነሰ፤ ዘይቱ ከውጭ ነዋ የሚመጣው።

ከዋጋው የባሰው መንገዱ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በግጭቱ ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸውን ቀኖች መቁጠር ትተናል። አውቶቡስ ቀረ ማለት በመስኮት እጁን የሚዘረጋ ገዢ ቀረ ማለት ነው። ጤፍ ጎተራ ውስጥ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል። የተቀቀለ ድንች ግን እስከ ነገ አይጠብቅም። እትዬ እንዲህ ባለው ቀን ሙሉውን ሳፋ ይዘው ይመለሳሉ፤ ልጆቻቸው ምሳም እራትም ያንኑ ይበላሉ። እሳቸውም "ዛሬ ቤቴ ሠርግ ነው" ብለው ይስቃሉ። እኛ ግን መሳቅ አቅቶን እናውቃለን።

መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ሳፋ በራስ፣ ልጅ በጀርባ፣ ሩጫ። "ንጽሕና የለውም" ነው ምክንያቱ። ጥሩ፣ ንጽሕና እኛም እንወዳለን፤ ሆዱ የእኛ ነው! ግን እጅ የሚታጠበው በውኃ እንጂ በሩጫ ነው እንዴ? መናኸሪያ በር ላይ አንድ ቧንቧና ከፀሐይ የሚከልል ቆርቆሮ ቢተከል ለሻጯም ለበላተኛውም ይበቃል። ከዚያ ደንቡን ያስከብሩ፣ አንከራከርም።

የእኛም ድርሻ አለበት። እነዚህን እናቶች የማይናቅ ሥራ ላይ ናቸው እያልን እየጻፍን ከእጃቸው የምንበላው ተደብቀን ከሆነ ጽሑፋችን ምን ያደርጋል? ስለዚህ ባለፈው ሰሞን ተመካክረን ወስነናል። ከአይሱዙው ጥላ ወጥተን ሳፋው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን እንበላለን። ያየ ይይ፣ ለእናታችንም የሚነግር ይንገር።

እናንተም የአዲስ አበባዎቹ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቅ በሉ። ድንቹ በእኛ ነው፤ ዳጣውን ግን ቀስ።