የጉድጓዳችን ሽታ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናጫውታችሁ ራሳችንን የምንወቅስበትን ጉዳይ ነው።

በመስጂዳችን ግቢ አንድ ጉድጓድ አለ። ለዓመታት ውዱእ ያደረግንበት፣ የመድረሳ ልጆች የጠጡት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በጄሪካን የቀዳው ነው። አንድ ቀን ለሱብሒ ውዱእ ስናደርግ ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተን። "የጄኔሬተሩ ይሆናል" ብለን አለፍነው። በሳምንቱ አንዲት እናት "ኡስታዝ፣ ይሄ ውሃ ሻዩን አበላሸብን" ብለው መጡ። "አሳድሩት እማማ፣ ሽታው ይጠፋል" አልናቸው። ይህች መልሳችን እስከ ዛሬ ታሳፍረናለች።

ለምን እንደዚያ አልን? ሐቁን እንናገር። ከአጥሩ ማዶ ማደያ አለ። ባለቤቱ የመስጂዱን ምንጣፍ ያነጠፉ፣ በረመዳን ለኢፍጣር እጃቸው የማይሰስት ሐጂ ናቸው። እሳቸውን ማስቀየም ፈራን።

ወጣቶቹ ግን አልፈሩም። ቪዲዮ ቀርጸው "ሐጂ መርዝ አጠጡን" ብለው ሊለቁት ሲሉ ሸይኻችን ደረሱባቸው። ጉድጓዱን ያኑኑ አሸጉና እኛንም እነሱንም አስቀመጡን። ለእኛ "የሰው ጤና አማና ነው፤ በምንጣፍ አይለወጥም" አሉን። ለወጣቶቹ ደግሞ በሱረቱል ሑጁራት ወሬን እንድናጣራ መታዘዛችንን አስታወሷቸው። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

ማጣራቱን የመራን በውሃ ሥራ ላይ የተሰማራ ከጀማዓችን አንድ ወንድም ነው። መጀመሪያ ያስተማረን ስለ አፍንጫችን ነው። እኛ በመድረሳ የውሃን ለውጥ በጣዕሙ፣ በቀለሙና በሽታው መለየት ተምረናል። ለጠሃራ የተማርነው ይህ ነው። ለጤና ግን አይበቃም። ቤንዚን ውስጥ ቤንዜን የሚባል፣ ስሙ ከነዳጁ ጋር የሚመሳሰል ኬሚካል አለ፤ የደም ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ምላስ መለየት የሚጀምረው ግን 500 አካባቢ ሲደርስ ነው። ሽታው ጠፋ ማለት ውሃው ዳነ ማለት አይደለም። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን አያወጣም። ማፍላትም ኬሚካሉን ከውሃው ወደ ቤታችን አየር መልቀቅ ነው።

ታሪክም ነገረን። በአሜሪካ የምትገኘው ሳንታ ሞኒካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ከጉድጓዶቿ ብዙዎቹን ዘጋች፤ ከውሃዋ ግማሽ ያህሉን አጣች። ምክንያቱ ከነዳጅ ታንከሮችና ቱቦዎች ሾልኮ የገባ፣ ቤንዚን ላይ የሚጨመር ኤምቲቢኢ የተባለ ኬሚካል ነው። ሀብታም ከተማን እንዲህ ካደረገ እኛን ምን ያደርገናል?

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ከጉድጓዱ የተቀዳው ውሃ በትንንሽ ጠርሙስ አፍ እስከ ገደፉ ተሞላ፤ የአየር አረፋ እንኳ አልተተወለትም፤ ኬሚካሉ በቀላሉ ይተናልና። በበረዶ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ቤንዜኑ ከጣሪያው በላይ ሆኖ ተገኘ። ግን ከማን? በአካባቢው ጋራዥም አለ። ስለዚህ ሦስት ቀጫጭን ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ የውሃቸው ከፍታ ተለካ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከማደያው ወደ መስጂዱ እንደሚፈስ፣ ጋራዡ ደግሞ ከእኛ በታች እንደሆነ ታወቀ።

ሸይኻችን ሐጂ ዘንድ ይዘውን ሄዱ። ሐጂ ዝም ብለው ሰሙና መዝገባቸውን አወጡ። ቦቴው የገለበጠው፣ የተሸጠው፣ ታንከሩ በዘንግ ሲለካ የተገኘው ሁሉ ተጽፏል። ለወራት ሲጎድል ነበር። እሳቸው ግን ጉድለቱን በሌብነት ተርጉመው ከቀጂዎቹ ልጆች ደመወዝ ሲቆርጡ ከርመዋል። ታንከሩ ሲፈተሽ ብረቱ በዝገት ተበልቶ ተገኘ። ሐጂ ያን ጊዜ አለቀሱ። ነዳጁን አስቀዱ፤ ታንከሩን ዘጉ፤ የልጆቹን ደመወዝ መልሰው ዐፍው ጠየቁ።

እኛም እኚያን እናት ቤታቸው ድረስ ሄደን ዐፍው ብለናል። "ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ልጅ ልጆቼ አይጠጡትም ነበር" አሉን። መልስ አልነበረንም።

ጉድጓዱ ዛሬም እንደታሸገ ነው። አፈርና ውሃ ከነዳጅ የሚጸዳው በዓመታት ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ውሃችሁ ነዳጅ ከሸተተ የዚያኑ ቀን መጠጣት አቁሙ፣ ጎረቤት አስቁሙ፣ ለውሃ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፣ ምርመራ ጠይቁ። ስም ለመጥራት አትቸኩሉ፤ ለማስጠንቀቅ ግን እንደ እኛ አትዘግዩ።

አላህ ውሃችንንም ልባችንንም ያጥራልን። አሚን።