ባለቤት ያልጮኸላቸው ግንቦች

ጎንደር የሄደ ሰው ሁሉ ፋሲል ግቢን ያያል። ቲኬት ይቆርጣል፣ አስጎብኚ ይይዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ አዝማሪ ቤት ያመሻል፣ በማግስቱ ወደ ሰሜን ተራሮች ይነሳል። ዐፄ ፋሲል ግን ግንብ መሥራትን ከባዶ አልጀመረውም። ከእሱ በፊት አባቱ ዐፄ ሱስንዮስ በጣና ዳርቻና በዙሪያው ባለው ደጋ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በኖራ አስገንብቷል። የዚያ ዘመን ፍርስራሽ ከእንፍራንዝ እስከ ጎርጎራ ባለው ጠባብ አገር ተበትኖ ቀርቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም ሳለ፣ የክረምቱ ጭቃ እንደ ደረቀ በጥቅምት ወር፣ እነዚህን ፍርስራሾች ብቻ ብዬ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።

ጉዛራ

ወረታ ላይ የፎገራን የሩዝ ማሳ፣ ቀጥሎም አዲስ ዘመንንና ይፋግን አልፎ እንፍራንዝ ይደረሳል። ጉዛራ ከከተማዋ ራስጌ፣ ኮረብታ ላይ ነው። ዳገቱ ረጅም ባይሆንም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያስለፋል። እላይ ሲደርሱ ባለ አንድ ፎቅ ግንብ፣ ክብ ማማና ሰፋፊ ቅስት መስኮቶች ይጠብቃሉ። በምዕራብ በኩል ሜዳው እስከ ጣና ተዘርግቷል። ቦታውን የመረጠው ሰው ጠላቱን ከሩቅ ማየት ብቻ ሳይሆን ሐይቁን እያየ መዋልም ይፈልግ ነበር ብዬ ገመትሁ።

የአገሩ ሰው ግንቡን ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው የዐፄ ሠርጸ ድንግል ነው ይላል። ተመራማሪዎች ግን በዚህ አይስማሙም። የክርክሩ መነሻ ኖራው ነው። የዘመኑ የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ) ሚስዮናውያን ጽሑፎች ለኖራ የሚሆን ድንጋይ የተገኘው በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ነው ይላሉ፤ የጉዛራ ግድግዳ ደግሞ በኖራ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ግንቡን ወደ ሱስንዮስ ወይም ወደ ፋሲል ዘመን የሚያወርዱት አሉ።

ክርክሩን ለአንድ አዛውንት ጠባቂ አነሣሁላቸው። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ በትዕግሥት ሰሙኝና፣

«የሠርጸ ድንግል ነው ልጄ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

«አባባ፣ የሚያድሰውስ አለ?»

«ፈረንጁ መጥቶ ለክቶ ይሄዳል። የኛም ሰው መጥቶ ለክቶ ይሄዳል። ይኸ ግንብ ስንት ጊዜ እንደ ተለካ ብታውቅ!»

ጉዛራ እንዲያውም ዕድለኛው ነው። በ1979 ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራና ጎርጎራ አብረው ገብተዋል። ስሙ መዝገብ ላይ ስላለ ጠባቂም አላጣም፤ ከመንገዱም ስለማይርቅ አላፊው ቀና ብሎ ያየዋል።

ደንቀዝ

ደንቀዝ እንደዚያ አይደለም። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደጋው መውጣት ይጠይቃል። ነፋሱ ይበርዳል፤ ማሳው ገብስ ነው። እዚያ ላይ ነበር የሱስንዮስ ዋና ከተማ። በ1626 ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለሮሙ ጳጳስ መታዘዙን በአደባባይ ያረጋገጠው እዚህ ነው። መኳንንቱና ካህናቱም አብረው እንዲምሉ ተደረገ።

ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ቦታ ቦታ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፤ ቀሪው ድንጋይ ቁልሉ ላይ ተንዷል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ሁሉ «የፖርቱጋሎች» ብሎ ያልፈዋል። የሱስንዮስ ዜና መዋዕል ግን የደንቀዝን ቤተ መንግሥት የሠሩትን በስም ይጠራቸዋል፦ ሕንዳዊው ዓብደል ከሪምና ግብፃዊው ሰደቃ ነስራኒ። ሙያው የሕንድና የግብፅ፣ ድንጋዩና ጉልበቱ የአገሬው፣ ወጪው የንጉሡ መሆኑ ነው። እዚያ ቆሜ ሳየው ቅስቶቹን ከሊዝበን ይልቅ ከጎዋና ከጉጃራት ጋር ማዛመድ ቀለለኝ።

ከቤተ መንግሥቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ኢየሱሳውያኑ ያሠሩት ካቴድራል ፍርስራሽ አለ። ማሳው እስከ ግድግዳው ሥር ታርሷል። በማሳዎቹ ካብ መሀል ፊቱ የተስተካከለ፣ ጥርብ ድንጋይ ብቅ ብቅ ይላል፤ ገበሬው ከሩቅ ከማመላለስ ከቅርቡ ቢያነሣ የሚፈረድበት አይደለም። በሬዎቹን ይዞ የሚመለስ አንድ ጎልማሳ አግኝቼ ስለ ቦታው ጠየቅሁት።

«ያኛው የንጉሡ ነው፤ ይኸኛው የካቶሊኮች ነበር» አለኝ።

«የሚጠብቀው የለም እንዴ?»

«ማን ይጠብቀዋል? ታቦት የለው።»

ከዚያ ወዲያ ጉዞዬን ሁሉ ይህችን መልስ ይዤ ነው የሄድሁት። «ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላል። የደንቀዙ ካቴድራል ባለቤት የለውም። ያሠሩት ሄደዋል፤ ያመኑበት ተመልሰዋል፤ የቀረው ሕዝብ የሚያስታውሰው የእምነቱ ለውጥ ያስከተለውን ደም ነው። በ1632 ወይና ደጋ ላይ የንጉሡ ጦር የላስታን ዐማፅያን ሲያሸንፍ ሜዳው ላይ የተረፈረፈው የገዛ ወገን ነበር። ድል አድራጊው ሱስንዮስ በዚያው ዓመት የቀድሞው የኦርቶዶክስ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አዘዞና ጎርጎራ

መቃብሩ ያለው አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ነው። ሱስንዮስ እዚያ የአትክልት ስፍራና የመዋኛ ገንዳ፣ ኢየሱሳውያኑም የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። አሁን የጎንደር ከተማ ወደዚያው ሰፍታለች፤ ባጃጁ በአጠገቡ ያልፋል። ከገንዳውና ከግድግዳው የተረፈውን ለማየት ጠይቆ መግባት ያስፈልጋል። ብዙ አልቆየሁም።

ከአዘዞ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ደምቢያን አቋርጦ ጎርጎራ ይደረሳል። ጥቁሩ የደምቢያ መሬት በጥቅምት ጤፉን ሊያስረክብ ተቃርቧል። ጎርጎራ ያደርሁት ሐይቁ ዳር ነው፤ ጠዋት ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ መረባቸውን ሲሰበስቡ ይታያሉ።

ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ደብረ ሲና ማርያም አለች። ክብ ናት፤ ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኗ ሣር። የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሞላው ሥዕል የ17ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ካሠሩት አንዷ የፋሲል እኅት መለኮታዊት መሆኗ ይነገራል፣ ምስሏም እዚያው ተሥሎ ይታያል። ዲያቆኑ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አንድ በአንድ አሳየኝ። ቀለሙ ገና ትኩስ ይመስላል።

ከዚያ በጀልባ ወደ ምዕራብ፣ ሐይቁ ውስጥ ወደ ገባው የብስ፣ ወደ ማርያም ግንብ ሄድሁ። ጎብኚው ሁሉ «የጴጥሮስ ጳኤዝ ሥራ» ይለዋል። ስፔናዊው ጳኤዝ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየ፣ ግእዝና አማርኛ የተማረ፣ ለሱስንዮስም ጎርጎራ ላይ ፎቅ ያለው ቤት የሠራ ሰው ነው፤ አገሬው ቤት በቤት ላይ ሲቆም አይቶ እንደ ተደነቀ ሚስዮናውያኑ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ጳኤዝ በ1622 አርፏል። የማርያም ግንብ የተሠራው ከእሱ ሞት በኋላ፣ ተከታዮቹ ወደ አዲሱ ቦታ ሲዛወሩ ነው። ከ2006 ጀምሮ የማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በዚህና በሌሎቹ የኢየሱሳውያን ሰፈሮች ለዓመታት ቆፍረዋል።

የቀረው ግድግዳ በዛፍ ሥር ተወጥሯል። በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት አበቦች ጠርዛቸው አሁንም ጥርት ያለ ነው፤ የጠራቢው እጅ ያልቸኮለ እንደ ነበር ያስታውቃል። ግማሹ ጌጥ መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ወድቋል። ጭቃና ሣሯ ደብረ ሲና ቆማ፣ ድንጋይና ኖራው ማርያም ግንብ ፈርሶ ሳይ የደንቀዙ ገበሬ ነገር ገባኝ። ሣር በየጥቂት ዓመቱ ይበሰብሳል፤ ምእመኑ ይሰበሰባል፣ ያጭዳል፣ ይከድናል። ኖራ ቀስ ብሎ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ዘር ይበቅላል፣ ሥሩ ድንጋዩን ይለያየዋል። ቡቃያውን ገና ሳያድግ የሚነቅል ሰው ከሌለ የግንብ ጥንካሬ ከንቱ ነው።

ቁስቋም

ጎንደር ስመለስ ይህን ሐሳብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ላይ ፈተንሁት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ተቀብለው ያስጠለሉት እዚሁ ነበር። ድርቡሾች በ1888 ከተማዋን ሲያቃጥሉ ቤተ ክርስቲያኑ ነደደ። ከቀዩ ድንጋይ የተሠሩት የመስቀል ጌጦች አሁንም የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አሉ፤ ጣሪያው ግን የለም። እንደዚያም ሆኖ ግቢው ሞቅ ያለ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሶ ተሠርቷል፣ ኅዳር 6 ቀን ይነግሣል፣ የቆሎ ተማሪው ከፍርስራሹ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያጠናል። የፋሲል መዋኛም እንዲሁ ነው፤ ለጥምቀት በየዓመቱ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ስለሚሞላ ገንዳውን ማንም ችላ ሊለው አይችልም።

ለአገልግሎት መዋል ብቻውን መፍትሔ ነው እያልሁ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ ፋሲል ግቢን «ሲያድሱ» በኖራ ፈንታ ሲሚንቶ ለጥፈው፣ በኋላ ያንን ፍቆ በኖራ መመለስ ግድ ሆኗል። ፍቅር ያለ ዕውቀትም ያፈርሳል። ታቦት የሌለው ግን ፍቅሩንም ዕውቀቱንም አያገኝም።

ወደ ደንቀዝ የሚሄድ ሰው ሲኖር የምለው አጭር ነው። ጠዋት ተነሥ፣ የአገሩን ሰው አስቀድመህ ጠይቅ፣ ማሳ አትርገጥ፣ ድንጋይ አታንሣ። ለጎንደር መምህራን ደግሞ፦ ተማሪዎቻችሁን ፋሲል ግቢ ከማስገባታችሁ በፊት ደንቀዝ ውሰዷቸው። ቡቃያ ለመንቀልና ስንጥቅ በኖራ ለመድፈን ብዙ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፤ ኖራ ማቡካት የሚያውቅ ግንበኛና ደመወዙ የማይቋረጥበት ጠባቂ ይበቃል።

«የካቶሊኮች ነበር» ብሎ ነገሩን መተው ለሚቀናው፣ ከፋሲል የተሻለ ምስክር የለም። በአባቱ ዘመን ከደረሰው ሁሉ በኋላ ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጣ። በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁር ግን ኖራውን፣ ቅስቱንና የግንበኞቹን ሙያ አላስወጣም፤ ዛሬ የምንኮራበትን ግቢ ያቆመው በዚያው ሙያ ነው። ሃይማኖቱን ከጥበቡ ለይቶ ማየት የጦርነቱ ቁስል ገና ሳይደርቅ ለእሱ ከተቻለው፣ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ለእኛ የሚያቅተን ምክንያት የለም።