ቤንዚኑም ምንጭ አለው

እኛ ስለ አውሮፕላን የምናውቀው ትኬት መቁረጥና ከተቻለ በመስኮት በኩል መቀመጥ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ግን፣ ሜሪላንድ ገጠር ውስጥ ባለች ትንሽዬ አየር ማረፊያ፣ ከአንዲት አሮጌ ሴስና አፍንጫ ሥር ተንበርክከን ካርቶን ስናነጥፍ ዋልን። ካርቶኑ ከሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ የገዛንበት ነው። «ነጩን ጎን ወደ ላይ አድርጉት» አለን አጎታችን። አደረግነው።

(«እኛ» ስንል እህትማማቾቹን ነው። አንዳችን ጋዜጠኝነት፣ አንዳችን ሒሳብ አያያዝ ተመርቀን መጣን፤ አሁን አንዳችን ቡና እንቀዳለን፣ አንዳችን መኪና ማቆሚያ ገንዘብ እንቀበላለን። የትኛዋ የትኛውን እንደምትሠራ አንናገርም። ይህን የምትጽፈው ግን ጋዜጠኛዋ ናት።)

ጣጣው የመጣው ከታናሽ ወንድማችን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫነ፣ በሚያገኛት ገንዘብ በሰዓት እየከፈለ ማብረር ይማራል። የሚቀጥለው ቅዳሜ አስተማሪው ወርዶለት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የሚነሳበት ቀን ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እናታችን ሳትቀር ቀኑን ቆጥራ ይዛዋለች።

የሚማርባት ሴስና 172 በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የተሠራች ናት፤ ከእኛም ከእሱም ትበልጣለች። ለማያውቅ፣ 172 ማለት በአውሮፕላን ዓለም ቮልስዋገን እንደማለት ነው። ከ1956 ጀምሮ ከ44 ሺህ በላይ ተሠርታለች። ወንድማችን ሳይጠየቅ የሚያወራት ወሬም አለችው፦ በ1958 መጨረሻ ሁለት ሰዎች በ172 ተነሥተው ላስ ቬጋስ ሰማይ ላይ 64 ቀን ከ22 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ሳይወርዱ ቆዩ። ነዳጁም ምግቡም ከሥር ከሚሮጥ መኪና ወደ ላይ እየተሳበ ነበር የሚደርሳቸው። «ይቺ እኮ የዚያች ዘር ናት!» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

ዘሯስ ያማረ ነው። አፍንጫዋ ግን ይንጠባጠብ ነበር።

መጀመሪያ ያየነው ሰማያዊ እድፍ ነው። የትንንሽ አውሮፕላን ቤንዚን፣ 100 ኤልኤል የሚባለው፣ ከሌላው እንዲለይ ሆን ተብሎ ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል። ሲተን ቀለሙ ይቀራል። ከሞተሩ ኮፈን በታች፣ ከፊተኛው እግር አጠገብ፣ ልጅ በእስክሪብቶ የጫረው የሚመስል ሰማያዊ መስመር ነበር። ወንድማችን «አሮጌ አውሮፕላን ሁሌም ትንሽ ያንጠባጥባል» አለ። ባለቤትየው፣ ደግ ሽማግሌ አሜሪካዊ፣ እሱም እንደዚያው አለ። እኛም ልንስማማ ምንም አልቀረንም፤ ሁለት ሰው ያንኑ ካለ እውነት ነው የሚል ክፉ ልማድ ትምህርት ቤትም አላስተወንም።

አጎታችን ግን ሌላ ሰው ነው። አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ተምሮ፣ ቦሌ ዓመታት ሠርቶ፣ እዚህ ሲመጣ እንደ አዲስ ተፈትኖ ፈቃዱን ያወጣ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአሜሪካውያን ጋር ውሎ እስከ ዛሬ «ካቻቢቴ አቀብሉኝ»፣ «ፒንሳዋ የት ሄደች?» ነው የሚለው። መስመሯን በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተና ወደ ጋዜጠኛዋ ዞረ።

«ዜና ስትጽፊ ምንጭሽ ማነው ትባይ የለ? ቤንዚኑም ምንጭ አለው። እሱን ሳላገኝ ይቺ አውሮፕላን አትነሣም።»

ወንድማችን ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ጠብታ እኮ ናት!»

«እስቲ ቁጠራት።»

ቆጠረ። በደቂቃ አሥራ አንድ። አሥራ አንድ ጠብታ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይሄድም፣ ኮፈኑ ሥር ይተኛል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ አንዴ ወደ ኋላ ቢተኩስ፣ የተኛውን ይቀሰቅሰዋል። እንዲህ ያለ እሳት ሲነሣ አብራሪው ማስነሻውን ማሽከርከሩን መቀጠል አለበት፤ ሞተሩ እሳቱን ወደ ውስጥ እንዲስበው። ወንድማችን ይህን በቃሉ ያውቃል። በቃል ማወቅና ለብቻ ተቀምጦ ማድረግ ግን አንድ አይደለም፤ ስለዚህም ማን እንደሆነ ሳንነጋገር ሁለታችንም ከአጎታችን ጎን ቆምን።

ፍለጋው እንዲህ ሄደ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ወንድማችን ራሱ ነው። የነዳጅ መስጫውን ዘንግ ሞተሩ ሳይዞር ደጋግሞ የገፋ ሰው፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፓምፕ በገፋ ቁጥር ቤንዚን ትረጫለች፤ የሚስባት የለምና ወደ ታች ትወርዳለች። «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው» አለ ወንድማችን እየተቆጣ። እንዲያም ቢሆን እንዲህ ያለው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደርቃል፤ የኛ ግን ማንም ሳይነካት ካደረች በኋላም ትንጠባጠባለች። ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ ኮፈኑ ተከፈተ። ውኃና ቆሻሻ የሚጠራቀምበት የማጣሪያ ኩባያ በደረቅ ወረቀት ተጠቀለለ፤ ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ቆየ። ቱቦዎቹም አንድ በአንድ በወረቀት ተዳሰሱ፤ ደረቅ። ካርቡራተሩን ከላይና ከታች የሚያጋጥመው መስመርም ደረቅ ነበር። እርጥቡ የአየር ማስገቢያው ሳጥን ነው፤ ማለትም ቤንዚኑ የሚመጣው ከካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ነው። አጎታችን ወለሉ ላይ ያለውን የነዳጅ መምረጫ ዘጋው፤ ጠብታው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ከፈተው፤ ካርቶናችን ላይ እንደገና ጠብ፣ ጠብ።

ከዚያ በካቻቢቴው እጀታ የካርቡራተሩን ሆድ ቆጭ ቆጭ አደረገው። ቆመ! ወንድማችን እጁን አጨበጨበ። እኛም የመጣንበትን መኪና ቁልፍ ፈለግን። አጎታችን ብቻ ሰዓቱን እያየ ቆመ። ከስምንት ደቂቃ በኋላ ተመለሰ።

«አሁን አወቅኩህ» አለው ለካርቡራተሩ።

ያወቀውን ለእኛ ያስረዳን በሮቶ ነው። አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ያለውን የውኃ ታንከር አስቡት። ውስጡ ኳስ አለች፤ ውኃው ሲሞላ ትንሳፈፍና መግቢያውን ትዘጋለች። ኳሷ ከተበላሸች ወይም መዝጊያው ላይ ጠጠር ከገባ ሌሊቱን ሙሉ ይፈስና ጎረቤት በር ይደበድባል። ካርቡራተር ውስጥም እንደዚያው ነው፦ ተንሳፋፊ አለ፣ ተንሳፋፊው የሚገፋት ሹል መርፌ አለች። 172 ላይ ነዳጁ ያለው ከላይ ክንፎቹ ውስጥ ነው፤ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መምረጫው ክፍት ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሁሉ ቤንዚን የምትይዘው ያቺው መርፌ ናት።

ካርቡራተሩ ወረደ፣ ተፈታ። ተንሳፋፊውን ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው፤ ውስጡ ቤንዚን የለም፣ ደህና ነው። መርፌዋን በብርሃን አየና ዝም አለ። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ሰጠን። ጫፏ ላይ ከፀጉር የማትወፍር ነጭ ክር ተጠምጥማለች።

ቴፍሎን። የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠመጥመው፣ ሁላችሁም ቤት ያለው ነጭ ቴፍሎን።

ከታንከሩ የሚመጣ ቆሻሻ ቢሆን መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት ትይዘው ነበር። ይቺ ክር ግን ከወንፊቱ ወዲህ ናት። አንድ ሰው ወንፊቱ የተሰካበትን ጥርስ በቴፍሎን ጠምጥሞ አጥብቆታል፤ ሲያጠብቀው ጥርሱ ጠርዙን ላጭቶ ወደ ውስጥ ጣለው። ከውጪ ትንሽ እርጥበት አይቶ ሊዘጋ የፈለገ ሰው ነው፤ ዘጋውም፤ የከፈተው ሌላ ነው።

«ማነው ይሄ ሰነፍ?» አለ ወንድማችን። የቅዳሜው ቀጠሮ እንደተሰረዘ ገብቶታል፤ የሚሰድበው ሰው ያስፈልገው ነበር።

እዚህ አገር ሞተሩ የራሱ መዝገብ አለው፤ የነካው ሁሉ ምን እንደሠራ፣ ቀኑን፣ ፊርማውንና የፈቃድ ቁጥሩን ይጽፍበታል። አጎታችን መዝገቡን ከፍቶ ወደ ኋላ ገለጠ። አንድ ገጽ ላይ ቆመ። እጁን ገጹ ላይ አሳረፈ፤ እኛ ግን ፊርማውን አይተነዋል። በየዓመቱ ለገና ከሚልክልን ካርድ ላይ እናውቀዋለን።

ከሦስት ክረምት በፊት ነው። አመሻሽ ላይ፣ ሃንጋሩ በረዶ ሆኖ፣ ለነዳጅ የተፈቀደው ማሸጊያ አልቆበት፣ ባለቤትየው በማግስቱ መብረር ፈልጎ። ይህን ሁሉ የነገረን እኛ ጠይቀነው ነው፤ እሱ ያለው «እኔ ነኝ» ብቻ ነው። ወንድማችን ጫማውን ማየት ጀመረ።

ማንም አያውቅም ነበር እኮ! ክሯን በፒንሳ አንሥቶ ቢጥላት፣ «መርፌው አርጅቷል» ብሎ ቢጽፍ፣ ሰው አይጠረጥረውም። እኛ ራሳችን አንናገርም ነበር፤ አጎት ነው። እሱ ግን ክሯን ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ከተታትና ስልኩን አነሣ። ባለቤትየውን በዚያ ዓመታት ባልተቃና እንግሊዝኛው፣ ቴፍሎኑን የጠመጠመው እሱ መሆኑን፣ የጉልበት ዋጋ እንደማይቀበል፣ በዚያ ሰሞን የነካቸውን ሌሎች ሁለት አውሮፕላኖችም እንደሚፈትሽ ነገረው። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የተናገረውን አልሰማንም፤ አጎታችን ግን «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» ሲል ሰማን። ከሁለቱ አውሮፕላን ባለቤቶች አንዱ ከዚያ ወዲህ ሌላ መካኒክ ይዟል።

ጋዜጣ ላይ «ማስተካከያ» የሚወጣው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስድስተኛ ገጽ፣ ከማስታወቂያው ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፤ ስሕተቱ የወጣው ፊት ገጽ ላይ ቢሆንም። ጋዜጠኛዋ ለልምምድ በሄደችበት ዝግጅት ክፍል እንዲህ ያለችውን ማስተካከያ በራሷ እጅ ጽፋለች፤ ቃላቱን ማን ማንን እንደተሳሳተ እንዳይታወቅ አድርጋ ነበር ያዋቀረቻቸው፤ አለቃዋም ወደውላት ነበር። አጎታችን መዝገቡ ላይ ሲጽፍ ከትከሻው በላይ አነበብን። አራት መስመር ነው። ምን እንደተገኘ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደተተካ። ፊደሉ ከሌላው ገጽ ፊደል እኩል ነው።

አዲስ መርፌ፣ መቀመጫዋና ጋስኬት ተልኮ እስኪመጣ አምስት ቀን ፈጀ፤ የቀጠሮው ቅዳሜም ነፋስ ሆነ፣ ቀጣዩም ዝናብ። ወንድማችን በነዚያ ሳምንታት ከአጎታችን ጋር ብዙም አላወራም። በሦስተኛው ሐሙስ ግን ከመጋዘኑ እንደወጣ ሳይተኛ ሃንጋር ሄዶ፣ መምረጫውን ከፍቶ፣ አዲስ ካርቶን ከአፍንጫዋ ሥር አንጥፎ ተመለሰ። ዓርብ ጠዋት ፎቶ ላከልን። የድመት ዳና ብቻ ነበረበት።

ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ አረፈ። ሲወርድ በልማዳቸው መሠረት አስተማሪው የሸሚዙን ጀርባ በመቀስ ቆርጦ ፈረመበት። እናታችን በስልክ ስታይ የጠየቀችው ስለ መብረሩ አልነበረም፦ «ሸሚዙን ማነው የቀደደበት?»

አጎታችን እዚያ አልነበረም። ከሁለቱ አውሮፕላኖች የአንደኛዋን ካርቡራተር እያወረደ ነበር።