የአባቴ ጀልባ

መስከረም በጠባ ቁጥር፣ ጣና ላይ ዝናሙ ሲያባራ፣ አባቴ እሑድ እሑድ ዘጌ ድረስ የሚያንሸራሽረንን ጀልባ ከሸራው ይገልጥ ነበር። ዘንድሮ የገለጥሁት እኔ ነኝ፤ እሱ በሰኔ አርፏልና።

ያስተማረኝን በተራ ፈጸምሁ። የከረመውን ቤንዚን ቀዳሁ፤ ካንዴላውን ፈትቼ አጸዳሁ፤ የማርሹን ዘይት በብርጭቆ አየሁ። «እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ እንዳትነሣ» ይለኝ ነበር። አልነጣም።

ፕሮፔለሩ ላይ ግን የደረቀ የእምቦጭ ሥር ተጠምጥሞ አገኘሁ። ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ፣ መንገድ ላይ እየቆመ በቢላ የሚቆርጠው እሱ ነበር። ይህኛውን ሳይቆርጠው ቀረ። እኔ ቆረጥሁት፤ መጣሉ ግን አቃተኝ፤ ኪሴ ከተትሁት።

ጀልባውን ውኃ ላይ አውርጄ ገመዱን ሦስተኛ ስስብ ሞተሩ ተነሣ። የኋላው መቀመጫ የእሱ ነው። ጀልባ ያለ ነጂ አይሄድምና፣ ጥቂት ቆሜ ተቀመጥሁበት።