ባትሪው ሲጠፋ

የእናንተን ቤት አላውቅም፤ በእኛ ቤት ግን ቅዳሜ የሚባል ቀን ከጠፋ ቆይቷል። ቅዳሜ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ማስታረቅ አለ። (እኔና ባለቤቴ ለመጣላት እንኳ ጊዜ የለንም ብዬ ቀልጄ አውቃለሁ፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።) በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃችን እራት ላይ፣ "አባዬ፣ አንተን ለማግኘት ቀጠሮ የሚያዘው ቢሮ ነው?" አለችው። ማንም አልመለሰላትም። በማግስቱ ባለቤቴ፣ "ቅዳሜ ሶፍ ዑመር እንሄዳለን" አለ።

ሮቤ ከተማ መኖር ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆኖናል፤ ዋሻውን ግን እንግዶች ሲያወሩለት እንሰማለን እንጂ አይተነው አናውቅም ነበር። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የስንዴውን ማሳ አልፈን ጎሮ ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ ወዲያ ደጋው ያበቃል፤ ሹራብ ይወልቃል፣ ግራርና ግመል ይጀምራል። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ስልክ አነሣ። ልጃችን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

ሶፍ ዑመር በአገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ከባሌ ተራሮች የሚመጣው የወይብ ወንዝ እዚህ ሲደርስ በገደሉ አንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ አጥኚዎች ሲለኩት መተላለፊያዎቹ በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነው ተገኝተዋል። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀበል በጥቂቱ ይኮመጥጣል፤ በስንጥቁ እየገባም ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ቦታው ስሙን ያገኘው ከሼክ ሶፍ ዑመር ሲሆን ሙስሊም ወገኖቻችን እንደ ቅዱስ ስፍራ ያከብሩታል። ስለዚህ ከመግባታችን በፊት ልጆቹን ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ነገርናቸው።

አስጎብኛችን የመንደሩ ወጣት ነው። እሱ ከፊት፣ ባለቤቴ ቀጥሎ፣ ከዚያ ትንሹ ልጃችን፣ ከዚያ ልጅቷ፣ እኔ ከኋላ። ወንዙ በበጋ ስለሚጎድል በእግራችን ደጋግመን ተሻገርነው። ወጣቱ "ሱታ፣ ሱታ" እያለ የሚረገጠውን ድንጋይ በባትሪው ያሳያል፤ በየስብሰባው ፊት የሚቆመው ባለቤቴም "እሺ" እያለ ይረግጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አዕማዱ ያሉበት አዳራሽ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ወለሉንና ጣሪያውን የያዙት ምሰሶዎች ውሃው ሳይበላቸው የቀሩ ናቸው፤ ቀና ብላችሁ ስታዩ አንገት ያማል። አብድዩ መቶ ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ እንደ ሸሸገ ኮሌጅ ሳለሁ ለፈተና አጥንቻለሁ። እንጀራና ውሃ ይዞ እንዲህ ባለ ጨለማ መመላለስ ምን ማለት እንደ ሆነ የገባኝ ግን እዚያ ቆሜ ነው።

ወጣቱ ባትሪዎቹን እንድናጠፋ ነገረን። አጠፋን። እጃችሁን ዓይናችሁ ሥር ብታደርጉት አታዩትም። ውሃው ብቻ ይሰማል።

"አባዬ፣ እዚህ ስልክህ አይሠራም አይደል?"

"አይሠራም።"

"ከጥቅምት ጀምሮ መዘምራን ውስጥ የለሁም። አንዳችሁም አላያችሁም።"

ሦስት ወር መሆኑ ነው። እኔ እኮ በየእሑዱ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ! መዘምራኑ ሲቆሙ ዓይኔን ጨፍኜ እዘምራለሁ። አንዲት ልጅ ስትጎድል የማየው የሌላ ሰው ልጅ ስትሆን ነው።

ባለቤቴ ስብከት ይጀምራል ብዬ ፈራሁ። "ይቅርታ፣ ልጄ" ብቻ አለ። ቆየት ብሎም፣ "ለምን ተውሽው?"

"ስንወጣ እነግርሃለሁ።"

ወጣቱ አማርኛ ይችላል። ባትሪውን ሲያበራ ወደ ግድግዳው አዙሮ ያበራው ለዚያ ይመስለኛል።

በጌታ የተወደዳችሁ ባልና ሚስቶች፣ እኛ ይህችን ልጅ ሳሎን አስቀምጠን፣ ፊት ለፊት እያየናት፣ "ምን ሆነሻል?" ብለን ስንት ጊዜ ጠይቀናታል። መልሷ ሁልጊዜ "ምንም" ነበር። ልጅ ፊታችንን እያየ መናገር ይከብደዋል መሰለኝ፤ ፊታችን ገና ሳይናገር ፍርዱን ይሰጣል።

ለመሄድ ካሰባችሁ በበጋ ሂዱ፤ ዝናብ ከጣለ ወንዙ አያስገባም። ለያንዳንዱ ሰው ባትሪና ትርፍ የባትሪ ድንጋይ ያዙ። ውሃ ቢገባበት የማታዝኑለት ጫማ አድርጉ። የሌሊት ወፍ አለ፤ ትንሹ ልጃችን መጀመሪያ አለቀሰ፣ ኋላ መቁጠር ጀመረ።

መንገዳችን ላይ ኔትወርክ ሲመለስ የባለቤቴ ስልክ ተከታትሎ ጮኸ። መኪናውን አቆመ፣ ስልኩን አጥፍቶ ለእኔ ሰጠኝና ከልጅቷ ጋር ወርደው አንድ ግራር ሥር ተቀመጡ። የሁለቱም ጫማ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። እኔ ትንሹን ይዤ ግመል ለማየት ሄድኩ። ምን እንደ ነገረችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።