አሥር ዘንግ መሬት

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ለንደን የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ስሄድ፣ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና የስድስት ወር የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። ለቁፋሮ የሚሆን ልብስ አልያዝኩም። ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በምድር ውስጥ ባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዘን ሰሜን ለንደን ያለው ቤቷ ገባን። ውኃ ልቀዳ ስነሣ ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈ ደብዳቤ አየሁ። የጻፈው የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ነው። የተከራየችው ቦታ እንዳልለማ፣ በ28 ቀን ውስጥ ካላለማችው ውሉ እንደሚቋረጥ በጨዋ እንግሊዝኛ ይገልጻል።

“ይሄ ደግሞ ምንድነው?” አልኳት።

“ተይው እማዬ፣ የጓሮዬ ነገር ነው። ይውሰዱት።”

አራት ዓመት ወረፋ ጠብቃ ያገኘችው ጓሮ ነው። ተራዋ የደረሰው የሌሊት ተረኛ በሆነችበት ሰሞን ሆነና፣ ክረምቱን በሙሉ (የእነሱን የብርድ ክረምት ማለቴ ነው) አንድ ቀን ብቻ ሄዳ አይታው ተመልሳለች። “ይውሰዱት” ስትል ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሕመምተኛ አስታምሜያለሁ። “አያመኝም” የሚል ሰው ፊቱን ሲያዞር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በማግስቱ ቁልፉን ተቀብዬ፣ የእሷን የጎማ ቦቲ አጥልቄ ሄድኩ።

እንግሊዞች “አሎትመንት” የሚሉት ይህ ጓሮ ከቤት ጋር የተያያዘ አይደለም። ከመኖሪያ ሰፈር ጀርባ፣ ብዙ ጊዜ በባቡር ሐዲድ ዳር ወይም ለቤት በማይመች ቁልቁለት ላይ፣ ሰፊ መሬት ይታጠርና ለየሰው ይሸነሸናል። የሚለካው እስከ ዛሬ ድረስ በጥንቱ ዘንግ ነው። አንድ ሙሉ ቦታ አሥር ዘንግ፣ በእኛ መለኪያ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ኪራዩ በዓመት ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ሕግ ቦታው በዋናነት ተከራዩና ቤተሰቡ ለሚበሉት አትክልትና ፍራፍሬ እንዲውል ይላል፤ የንግድ እርሻ አይደለም።

ቦታው ላይ ስደርስ ማዘጋጃ ቤቱ አልዋሸም። እሾሃም ቁጥቋጦ ከጥግ እስከ ጥግ ወርሶታል። ከሥር እንደ ሰርዶ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ነጭ ሥር ያለው ሐረግ ተጠላልፎበታል። መጨረሻው ላይ ከሦስት አሮጌ የቤት በሮች የተሠራች ዛኒጋባ ቆማለች። አንደኛው በር ላይ የነሐስ 43 ቁጥር ገና አልወለቀም። ውስጧ የዛገ አካፋ፣ የተሰነጣጠቁ የሸክላ ማሰሮዎችና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን አገኘሁ። ሳጥኑን የከፈትኩት መቁረጫ ፍለጋ ነበር። ያገኘሁት መጻሕፍት ነው።

የማን እንደሆኑ የነገሩኝ ቀጥሎ ያለውን ቦታ የያዙ አንድ ቆጵሮሳዊ አዛውንት ናቸው። ከልጄ በፊት የነበሩት ተከራይ ሲያርፉ፣ ልጆቻቸው ደኅና ደኅናውን መሣሪያ ወስደው መጻሕፍቱን ትተው ሄዱ። አዛውንቱ ነርስ መሆኔን ሲሰሙ “ሲስተር” ይሉኝ ጀመር። እንግሊዝ አገርም የክፍል ኃላፊ ነርስ “ሲስተር” ትባላለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የራቀኝን ስም ጭቃ ውስጥ ቆሜ ስሰማው ወገቤ ቀና አለ።

ከ28ቱ ቀን የቀረው 19 ብቻ ነበር። አዛውንቱ ሁሉንም ልቆፍር ስነሣ ሳቁብኝ። ቁጥቋጦውን ከላይ ከርክሜ፣ ሲሶውን ብቻ ቆፍሬ፣ የቀረውን በካርቶንና በጥቁር ፕላስቲክ እንድሸፍነው መከሩኝ። ብርሃን ያጣ አረም ራሱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ማየት የሚፈልገው እጅ የገባበት መሬት ነው አሉ። እኔም በውለታቸው አንድ ነገር አየሁ። የስኳር ሕመምተኛ ሆነው በክፍት ሰንደል ነበር የሚሠሩት። ጣቶቻቸውን ካላየሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ትንሿ ጣት ሥር ያላወቁት ቁስል ነበር። በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቦቲ አድርገው መጡ። (ለአፈር ሠራተኛ ሁሉ የምለው ነው፤ የቴታነስ ክትባታችሁን አትርሱ።)

ሲደክመኝ ዛኒጋባዋ በር ላይ ተቀምጬ ሳጥኑን እበረብራለሁ። ብዙዎቹ ስለ አተካከልና ስለ ማዳበሪያ የሚያስተምሩ፣ አይጥ ጠርዛቸውን የበላቸው መጻሕፍት ናቸው። ሦስቱ ግን አያስተምሩም፤ የጓሮ ሰው እንዴት እንደሚኖር የሚያወሩ ናቸው። ስድስት ወር ያነበብኩት እነሱን ነው።

የመጀመሪያው ቀጭኑ ነው። የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው “የአትክልተኛው ዓመት”፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም። “ሮቦት” የሚለው ቃል ለዓለም የተዋወቀው በዚህ ሰው ቲያትር ነው። ቃሉን የጠቆመው ወንድሙ ዮሴፍ ሲሆን፣ የዚህን መጽሐፍ ሥዕሎች የሣለውም እሱ ነው። ቻፔክ የሚጽፈው ስለ ኪራይ ጓሮ ሳይሆን ስለ ፕራግ የግቢው አትክልት ነው፤ በሽታው ግን አንድ ነው። ወር በወር ይሄዳል። ውኃ ማጠጫው ጎማ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ባለቤቱን ሲያጥብ ይነግረናል። አትክልተኛ ኤደን ገነት ቢገባ የአፈሩ ሽታ አዙሮት የተከለከለችውን ፍሬ መብላቱንም ይረሳ ነበር፣ ሐሳቡ ሁሉ ከዚያ አፈር ጥቂት ጋሪ እንዴት እንደሚያወጣ ይሆን ነበር ይላል። አትክልተኛ የጀርባ አጥንት ባይኖረው ይሻለው ነበር የሚል ነገርም አለው። ያን ሳነብ በአንድ እጄ ወገቤን ይዤ ነበር፤ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ልጄ ከሌሊት ሥራዋ ስትመለስ አነበብኩላትና እሷም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ካሬል የሞተው እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ፣ አገሩ በናዚዎች እጅ ሙሉ በሙሉ ልትወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ዮሴፍ በ1945 በርገን ቤልሰን ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ሞተ። ይህን ካወቅኩ በኋላ እነዚያን ተጫዋች ሥዕሎች ቶሎ ማለፍ አልቻልኩም።

እዚያ አገር ድንች በስቅለት ዕለት መትከል የቆየ ልማድ ነው። የእነሱ ስቅለት ከእኛ ቀድሞ ስለዋለ፣ ያለ ጭንቀት አብሬ ተከልኩ። በእኛው ስቅለት ግን አካፋ አልነካሁም። ቆጵሮሳዊው ጎረቤቴም ኦርቶዶክስ ናቸውና ያን ቀን ቦታቸው ጭር ብሎ ዋለ።

በ28ኛው ቀን ማንም አልመጣም። በ31ኛው አንዲት ወጣት ክሊፕቦርድ ይዛ መጣች። አራት መደብ ባቄላ፣ ሁለት መደብ ድንች፣ አንድ መደብ ሽንኩርት አየች። ጥቁሩን ፕላስቲክ በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ አንድ ነገር ጻፈችና “እናመሰግናለን” ብላ ሄደች። መልሱ እስኪመጣ ሌላ አሥር ቀን ልቤ ተንጠልጥሎ ከረመ። ለልጄ ስል ነው እያልኩ ነበር። ኋላ ሳስበው ለራሴም ነበር። የልጅ ቤት ንጹሕ ነው፤ ሙቅ ነው፤ ግን ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ከበሉ በኋላ እጅ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋል።

ውሉ ጸንቷል የሚለው ወረቀት በደረሰ ሰሞን ሚያዝያን በሙሉ ዘነበ። ዛኒጋባዋ ውስጥ ተሸጉጬ ወፍራሙን መጽሐፍ ያዝኩ። ዴቪድ ክራውችና ኮሊን ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት፣ ስለ አሎትመንት መልክና ባህል የሚተርክ ጥናት ነው። ከሦስቱ ትዕግሥት የሚፈልገው እሱ ነው፤ አንዳንድ ምዕራፍ ዘልያለሁ። ነገር ግን የቆምኩበት መሬት ከየት እንደመጣ የገባኝ ከዚህ ታሪክ ነው። እንግሊዝ አገር የጋራ የግጦሽ መሬት እየታጠረ ለባለርስቶች ሲከፋፈል ደሀው እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ። እ.ኤ.አ. በ1845 የወጣው ሕግ ከሚታጠረው መሬት ለመሬት አልባው ጥቂት ጓሮ እንዲተው አዘዘ። ለአንድ ሰው ከአርባ ዘንግ እንዳይበልጥም ወሰነ። የ1908ቱ ሕግ ደግሞ ፈላጊ ካለ የአካባቢ አስተዳደር ቦታ የማቅረብ ግዴታ ጣለበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንግሥት “ለድል ቆፍሩ” ብሎ ሲቀሰቅስ ቁጥሩ ወደ 1.4 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙው ቤት ተሠርቶበታል። የልጄ አራት ዓመት ወረፋ መነሻው አንዱ ይኸው ነው። መጽሐፉ የእነዚህን ጓሮዎች ጎጆ በቁም ነገር ይመለከታል፤ ሌላው የጣለው በር፣ መስኮትና ጣውላ እንዴት ቤት እንደሚሆን። ቀና ብዬ 43 ቁጥርን አየሁና አዲስ ዛኒጋባ ልንገዛ የተነጋገርነውን ሰረዝኩት።

እዚህ ላይ አንድ የሙያዬን ነገር ጣል ላድርግ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ሠላሳ አትክልተኞችን መጀመሪያ አስጨናቂ ሥራ አሠራቸው። ከዚያ ግማሾቹን ግማሽ ሰዓት ጓሯቸውን እንዲሠሩ፣ ግማሾቹን ቤት ውስጥ እንዲያነቡ አደረገ። የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲዞል በሁለቱም ወረደ፤ በጓሮ ሠራተኞቹ ግን ይበልጥ ወረደ። ተመራማሪዎቹ አካፋውን አስቀምጦ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነበውን ሰው ቢለኩት ጥሩ ነበር።

ሰኔ ላይ ጎመናችን ደረሰ። ከአገር ዘር ይዞ መግባት የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ስለሚጠይቅ፣ የዘራነው እዚያው የተገኘ ነው። የእኛው የሐበሻ ጎመን በእንግሊዝኛ “የአቢሲኒያ ጎመን” ይባላል። ለንደን ብርዱ ተስማምቶት ቅጠሉ እንደ ጆሮ ሰፋ። ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ወንፊት ካደረገው የተረፈውን በልተናል።

ሦስተኛውን መጽሐፍ ከእኔ በፊት የጨረሰችው ልጄ ናት። አለን ጄንኪንስ የተባለ የለንደን ጋዜጣ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው “ቦታ ቁጥር 29” ነው። የአንድ ዓመት የጓሮ ማስታወሻ ሊጽፍ ተነሥቶ ሳያስበው የራሱን ልጅነት መቆፈር ይጀምራል። እሱና ወንድሙ ከሕፃናት ማሳደጊያ ወጥተው ዴቨን ገጠር ውስጥ አሳዳጊዎች ዘንድ ያደጉ ናቸው። አሳዳጊ አባታቸው ለሁለቱ ልጆች የአበባ ዘር ሰጥቶ አስተከላቸው። ሰውየው ሸምግሎም፣ ወላጆቹን በመዝገብ ሲያፈላልግም፣ ያንኑ አበባ ይዘራል። እንደ ቻፔክ የሚያስቅ አይደለም። ግን የባቄላ መደብ ከአንዲት ክፉ ትዝታ አጠገብ ተቀምጦ ሁለቱም እኩል እውነት ሆነው ይታያሉ።

አንድ ቀን ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መጥታ አግዳሚው ላይ ተጋድማ ስታነበው ቆየችና፣ ዓይኗን ሳታነሣ “ይሄን ጓሮ ለምን እንደፈለግኩት ታውቂያለሽ?” አለችኝ።

“ጎመን ለመብላት ነዋ።”

“ደብረ ብርሃን እማማ ጓሮ ባቄላ ስንተክል ጣቴን መሬት ውስጥ ከትታ እስከ የት ድረስ እንደሆነ ታሳየኝ ነበር። እስከዚህ።” የሌባ ጣቷን ሁለተኛ መጋጠሚያ አሳየችኝ። “አንቺ ተረኛ ነበርሽ።”

ቂም አልነበረበትም። የነበረውን ነው የተናገረችው። በዚያ ዘመን ባለቤቴም እኔም በየወሩ የሌሊት ተራ ነበረን፤ ልጅቷን እናቴ ዘንድ ለሦስት ዓመት ሰጥቻታለሁ። የሦስት ዓመት ደመወዜን፣ ያዋለድኳቸውን እናቶች፣ የአለቆቼን ስም አስታውሳለሁ። ባቄላ በስንት ጣት ጥልቀት እንደምትዘራ ግን ልጄ ነበር የምታውቀው። ምንም አልመለስኩላትም። ተነሥቼ ማጠጫውን ሞላሁ። ቆይታ መጽሐፉን አስቀምጣ መጣችና ሁለተኛውን ማጠጫ ያዘች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዕረፍት ቀኗን እዚያ ማሳለፍ ጀመረች። እኔም መቁረጥና መሸከሙን እየተውኩላት ወደ አግዳሚው አፈገፈግኩ። ከዚያ ሆኖ ሲያዩ ከሩቁ ኮረብታ ላይ አሌክሳንድራ ፓላስ ይታያል፤ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1936 መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረበት ሕንፃ ነው። አሮጊትና ሽማግሌ፣ ጃማይካዊና ቱርክ፣ ፖላንዳዊና አይርላንዳዊ በየአሥር ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ይውላል። እኔም እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ ቢጻፍ እያልኩ እመኛለሁ። በቀለም ቆርቆሮ ጌሾ የተከለችውን ሴት፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ጥግ ጎመን ዘርታ ከጥበቃው ጋር የምትከራከረውን፣ ለጤና አዳም ሥር ስትል ጎረቤት የምታስቸግረውን የሚያሳይ። አተካከሉን የሚያስተምር አንድ ገጽ አያስፈልገውም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቪዛዬ ሊያልቅ ሲል ድንቹን አወጣን። ቆጵሮሳዊው አዛውንት አንድ ማሰሮ በጨው የተቀመጠ የወይን ቅጠል ሰጡኝ፤ እግራቸው ድኗል። መጻሕፍቱን ወደ ሳጥኑ መለስኩ። ልጄ ግን ቻፔክን አውጥታ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው፤ የሰውየው ልጆች ቢመጡ እገዛላቸዋለሁ አለች።

አዲስ አበባ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፉን ጎረቤቴ ተውሳኛለች፤ እስካሁን አልመለሰችልኝም። ትናንት በአጥሩ በኩል ስመለከት ግን ጓሮዋን እየቆፈረች ነበር።