ላልቶ፣ ጠብቆ

እናቴ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ጉልበቷ ይንቋቋል፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማል። በልጅነቴ በዓቢይ ጾም ስትሰግድ ስግደቷን ልቆጥርላት እሞክርና ቁጥሩ ይጠፋብኝ ነበር። ዛሬ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች። «ጉልበቴን የፈጠረው ያውቀዋል» ትላለች። አያቴም በመጨረሻ ዘመናቸው ያለ ምርኩዝ አይንቀሳቀሱም ነበር።

ባለፈው ሰኔ፣ በሒሳብ መዝጊያ ሰሞን፣ ያረጁ ሰነዶችን ፍለጋ ወደ ምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል ስመላለስ የእኔም ቀኝ ጉልበት ያንኑ ድምፅ አሰማ። ማታ እንደ ቀልድ ለእናቴ ነገርኳት። አልሣቀችም። የጉልበቷን ሎሚ በመዳፏ ሸፍና ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ «ጉልበቴን አወረስኩህ ማለት ነው፤ ይቅር በለኝ ልጄ» አለችኝ።

በሥራዬ የውርስ ማስረጃ ይዘው ወደ መስኮቴ የሚቀርቡ ሰዎችን አስተናግዳለሁ። የሚወርሱት ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ የታወቀ ነው። እናቴ ያወረሰችኝ ግን ስንት ነው? ለይቅርታዋ የሚገባ መልስ ለመስጠት ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ከሥራ መልስ ግጥም የምሞክር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ሆኖም ብዙ ምሽት ተቀምጬ አነበብኩ።

ሐኪሟ የሕመሟን ስም ኦስቲዮአርትራይተስ ብሎ ጽፎታል። በአጥንቶች ጫፍ ላይ የተለበጠው፣ ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ቅርጹን ይለውጣል፤ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ አልታጠፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩትን ሰዎች 528 ሚሊዮን ያህል ናቸው ይላል። ሕመሙን ከጉዞው የሚያቆም መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1996 በለንደን መንትያ ሴቶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በእጅና በጉልበት ላይ በሚታየው ሕመም በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ከ39 እስከ 65 ከመቶ የሚሆነው ከዘር የሚመነጭ መሆኑን አስታወቁ። ይህን ሳነብ የባንክ ሰው ልማድ ሆኖብኝ ዕዳዬን ማስላት ጀመርኩ። ስሌቴ ግን ስሕተት ነበር። ይህ መቶኛ በብዙ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ይለካል እንጂ የአንድን ሰው ዕጣ አይናገርም።

ቀጥዬ ያገኘሁት የአንዲት ፊደልን ታሪክ ነው። ጂዲኤፍ5 የተባለው ጂን መገጣጠሚያ በፅንስ ሲሠራ፣ ኋላም ሲጠገን ድርሻ አለው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ በዚህ ጂን መግቢያ አካባቢ ባለ አንድ ቦታ ላይ ከፊሉ ሰው «ሲ»፣ ከፊሉ «ቲ» የተባለውን የዘር ፊደል ይይዛል። «ቲ» ያለበት ቅጂ ዝግ ብሎ ይሠራል፤ በሕመሙ የመያዝን ዕድልም ከፍ ያደርጋል። ከሦስት ቢሊዮን ፊደላት መካከል አንዲት ፊደል!

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እናቴ ይቅርታ መጠየቋ ልክ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሌላ ነገር ጻፉ። የዚያች ፊደል ጫና ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰው ውስጥም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሜቲል የሚባል ጥቃቅን ኬሚካዊ ምልክት ነው። ምልክቱ «ሲ» ላይ ያርፋል። ፊደሉን አይፍቅም፣ በሌላም አይተካም፤ ሲበዛ ጂኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነበባል፣ ሲነሣለት ድምፁ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ እዚያው በቀዶ ሕክምና ከወጡ መገጣጠሚያዎች የተወሰደ ካርቲሌጅ ሲመረመር፣ የታመመ ዳሌና የታመመ ጉልበት የምልክቶቻቸው አሰፋፈር የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሚያጠናው ዘርፍ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሣቅሁ። አማርኛ ግጥም የሚሞክር ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቀው የለምን? «አለ» ብለን እንጻፍ። ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው የተናገረውን ያወሳል፤ ጠብቆ ሲነበብ መኖሩን ይመሰክራል። ፊደሉ ሁለቱንም ይዞ ዝም ብሏል። መጥበቅና መላላቱ ወረቀቱ ላይ አይታይም፤ በንባብ ጊዜ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን የዘር መረጃ መርምሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 962 የዘር ልዩነቶችን ዘርዝሯል። ያቺ አንዲት ፊደል ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው፤ ዕዳውም በአንድ እናት ስም የተመዘገበ አይደለም። ከተጠኑት የሚበዙት ግን የአውሮፓ የዘር ሐረግ ያላቸው ናቸው። እንደ እናቴ ያሉ የአፍሪካ ሴቶች ጉልበት ገና በወጉ አልተነበበም። የእኔን ድርሻ ቆርጦ የሚነግረኝ መዝገብ የለም።

እሑድ ማታ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ ያወረሽኝ ጽሑፍ ነው፤ ፍርድ አይደለም» አልኳት። ስለ «አለ» ስነግራት በጥሞና ሰማችኝና፣ «ታዲያ ያንተው ላልቶ ነው ጠብቆ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደማላውቅ ነገርኳት። ሐኪሙም ሕመም የሌለው ድምፅ ብቻውን በሽታ አይደለም ብሎኛል። መራመድ እነዚያን ምልክቶች ይለውጣቸዋል ብዬ አልዋሸኋትም። የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ክብደትን መቀነስ ሕመሙን እንደሚያቀል ግን የታወቀ ነው፤ ለእሷም የታዘዘላት ይኸው ነበር፣ ችላ ብላው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እንሄዳለን። ክንዴን ትይዛለች። እርምጃዋን እቆጥራለሁ፤ ወሬ ስንጀምር እንደ ልጅነቴ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ይቅርታዋን ግን ዳግም አልጠየቀችኝም።

ጽፈሽ የሰጠሽኝ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣
ፊደሉ የአንቺ ነው፣ ንባቡ ይቀረኛል፤
ጉልበትሽ ቢዝልም መንገዱ አልጎደለ፣
ጠብቆ ይነበብ በቤታችን «አለ»።